ባቡሩ የማን ነበር? አክሲዮንን በጨዋታ መማር

የጅቡቲን አሮጌ ባቡር ጣቢያ አንሥተን “ይህ ባቡር የማን ነበር?” ብለን ስንጠይቅ ተማሪዎች “የምኒልክ” ወይም “የፈረንሳይ” ብለው ይመልሳሉ። መልሱ ያለው አክሲዮኑ ውስጥ ነው። አክሲዮንን ለማስረዳት ደግሞ ከአንድ የሰሌዳ ጨዋታ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም።

ጨዋታው “ኤርላይንስ ዩሮፕ” ይባላል፤ አለን ሙን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መነሻው በ1990 የወጣው “ኤርላይንስ” ሲሆን፣ ሙን በ1999 ያንኑ ሐሳብ ወደ ባቡር አዙሮ “ዩኒየን ፓሲፊክ” ብሎት ነበር። ጨዋታውን መግዛት ግድ አይደለም፤ ካርታውን ካርቶን ላይ መሣል ይበቃል።

ተጫዋቹ ባለሀብት እንጂ የአንድ አየር መንገድ ጌታ አይደለም። ተራው ሲደርስ ገንዘብ ከፍሎ የፈለገውን ኩባንያ መስመር ያስረዝማል፤ የኩባንያው ዋጋ ይጨምራል፤ እሱም የአክሲዮን ካርድ ይወስዳል። በእጅ የተያዘ ካርድ ግን ነጥብ የለውም፤ ጠረጴዛ ላይ ለመዘርጋት ሌላ ተራ ይጠይቃል። ቆጠራው ሦስት ጊዜ ነው፤ መቼ እንደሚደርስ ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም። ስለዚህ ብልጥ ልጅ መስመሩን ሌሎች ሲያስረዝሙለት እሱ አክሲዮኑን ያበዛል። ነጥብ የሚያገኘው መስመር የዘረጋው ሳይሆን ብዙ አክሲዮን የዘረጋው ነው።

በጣቢያችንም የሆነው ይኸው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ኢልግ ከፈረንሳዊው ሌዮን ሼፍኖ ጋር በ1896 ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1897 ሥራው ከዚሁ ከጅቡቲ ተጀመረ። ገንዘብ አጠረ። እንግሊዛውያን ባለሀብቶች አክሲዮን መግዛት ሲጀምሩ የፈረንሳይ መንግሥት ሰጋ፤ በ1902 ድጎማ ሰጥቶ በኩባንያው ላይ ሥልጣን አገኘ። ሐዲዱ በዚያው ዓመት ድሬዳዋ ቢደርስም፣ በአገራቸው የሚያልፈው መስመር በባዕድ መንግሥት እጅ መግባቱ ምኒልክን አስቆጣቸው። ሥራው ቆመ፤ ኩባንያው ከሰረ። በ1908 አዲስ ውል ተፈርሞ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ፈቃድ በእጅ እንደቀረ ካርድ ነበር።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 ሲቋቋም ነገሩ ተለየ። የበረራውንና የአስተዳደሩን ሥራ የያዘው የአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ነበር፤ 25,000ዎቹ አክሲዮኖች ግን በሙሉ የኢትዮጵያ መንግሥት ነበሩ። ሙያን በውል ተቀብሎ ባለቤትነትን አለመልቀቅ፣ በእኔ እምነት፣ ከባቡሩ ታሪክ የተሻለ አጨዋወት ነው።

ጨዋታው አንድ ነገር ይጎድለዋል። ገንዘብ ያለቀበት ተጫዋች ከባንኩ 8 ሚሊዮን ይወስዳል፤ ወለድ የለ፣ መመለስ የለ! ዛሬ ከናጋድ የሚነሣው ባቡር ኩባንያ 75 በመቶው የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶው የጅቡቲ ነው፤ ግንባታው ግን በአብዛኛው በቻይና ብድር የተሠራ ነው። ስለዚህ በመጪው ዓመት በክፍል ስንጫወት አንድ ደንብ እንጨምራለን፦ ከባንክ የወሰደ ሁሉ በየቆጠራው ወለድ ይከፍላል።