ስለ መርፌ ሥራና ስለ ሠሪዎቹ ክብር

በአዊ አገር ብርዱ ብርቱ ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ዳንግላም ከእርስዋ ዝቅ ብትል ከ2,100 ሜትር አታንስም። በክረምት ጉሙ ወርዶ የዘንገናን ሐይቅ ዙሪያና የባንጃን ቀርከሃ በሸፈነው ጊዜ፥ ጋቢ የሌለው ሰው ከእሳቱ ዳር መነሣት ያቅተዋል። ስለዚህ በዚያ አገር ልብስ አስቀድሞ ለሕይወት ነው፤ ጌጥነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ነገር ግን ጋቢውን ደርቦ በገበያ የሚመላለሰው ሰው፥ በትከሻው ላይ ያለውን ነገር ስንት እጅ እንደ ደከመበት ብዙ ጊዜ አያስብም።

ጥጥ በደጋ አይበቅልም፤ ከቈላ ተጭኖ ይመጣል። ሴቲቱ ጥጡን በድንጋይ ላይ አኑራ፥ በብረት መዳመጫ እያንከባለለች ፍሬውን ታወጣለች፤ ከዚያም በደጋን ትነድፈዋለች። ተነድፎ እንደ ደመና የለሰለሰው ባዘቶ ይባላል፤ ባዘቶውም በጥቂት በጥቂቱ ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል። ከአመልማሎውም በእንዝርት ክር ይወጣል። እንዝርቱ በቀኝ እጅ ይሽከረከራል፤ ግራ እጅ ግን ክሩን ይመዝናል፤ ብትስበው ይበጠሳል፥ ብትለቀው ይወፍራል። ይህን ልክ በቃል ማስተማር አይቻልም፤ ልጅቱ ከእናትዋ አጠገብ ተቀምጣ ብዙ ክር በጥሳ ትማረዋለች። ቀጥ ያለውና ጠንካራው ለድር ይለያል፤ ለስላሳው ለማግ ይሆናል።

ሸማኔው ደግሞ በጕድጓዱ አፍ ተቀምጦ፥ እግሩን ወደ ታች ሰዶ መርገጫውን ይረግጣል፤ በእጁም መወርወሪያውን ከወዲህ ወዲያ ይወረውራል። ጥለቱን በሚሠራበት ጊዜ ግን መቸኰል የለም፤ ቀይ፥ ቢጫና አረንጓዴ ክሩን በጣቱ እየቈጠረ ከድሩ መካከል ያስገባል። አንድ ክር ቢስት ስሕተቱ እስከ ጥለቱ ጫፍ ይከተለዋል። ጋቢ አራት እጥፍ ስለ ሆነ፥ ሸማኔው ለአንድ ሰው ሙቀት የአራት ነጠላ ገጽ ያህል ይደክማል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ጨርቁ ወደ ሰፊው ወይም ወደ ሰፊዋ እጅ ይገባል። የብዙ ሰው አሳብ እዚህ ላይ ይሳሳታል። መስፋት ማለት ሁለት ጨርቅ ማጋጠም ብቻ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ከፋብሪካ የወጣ ጨርቅና በእጅ የተሸመነ ሸማ ለመቀስ እኩል አይደሉም። የእጅ ሸማ ወርዱ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ቀሚሱ ከብዙ ቁራጭ ተጋጥሞ እንዲወጣ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ጥጡ በውሃ ይሰበሰባልና፥ ሳይታጠብ የተቈረጠ ልብስ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ለባለቤቱ ያጥራል። የተቈረጠውም ጠርዝ ቶሎ ይተረተራል፤ ስለዚህ ዳሩ ሁሉ በጥንቃቄ መዘምዘም ይፈልጋል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ጥለቱ ነው። ሸማኔው ጥለቱን ለታችኛው ዘርፍ፥ ለእጅጌውና ለደረቱ ብሎ በልኩ ሠርቶታል፤ መቀሱ በአንዲት ጣት ወርድ ቢስት፥ የሳምንት ሥራ ከንቱ ይሆናል፤ የሚመለስበትም መንገድ የለም። ስለዚህ ብልኅ ሠሪ በሸማው ላይ ከመቍረጥዋ በፊት በአሮጌ ጨርቅ ትሞክራለች፤ ትለካለች፤ ደግማም ትለካለች።

ልብስን በራስዋ አሳብ የምትቀርጽ ሴት ከዚህ የበለጠ ሸክም አለባት። የሌላውን አምሳል የሚከተል ሰው ቢያጠፋ በአምሳሉ ያመካኛል፤ እርስዋ ግን ምክንያት የላትም። አንገቱን በምን ያህል እንደምትከፍት፥ ጥልፉን ከደረት እስከ ጕልበት እንደምታወርደው ወይም በእጅጌው ብቻ እንደምትተወው፥ የሚወስንላት የለም። በወረቀት ላይ የነደፈችውን በእርሳስ ወደ ጨርቁ ታሳልፋለች፤ ከዚያም ቀለበት በቀለበት እየተያያዘ በሚሄደው ስፌት ትጠልፈዋለች። ዓይን የሚደክመው በዚህ ነው። ጥልፍ የሚሠራ ሰው ከቀትር በፊት ያለውን ብርሃን ይወዳል፤ በኩራዝ የተጠለፈ መስቀል ጧት ሲታይ ጠማማ ነውና።

የአዊ ሰዎች ለሰው ብቻ ሳይሆን ለፈረስም የሚሆን የተዋበ ልብስ ያውቃሉ። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ ይነገራል፤ በዐድዋ ጦርነት የዘመቱትን ፈረሶች ውለታ ለማሰብ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓል ይደረጋል። በዚያ ቀን በኮርቻው ላይ የሚነጠፈው ግላስ፥ በግንባርና በአንገት ላይ የሚንጠለጠለው ጌጥ ሁሉ የመርፌና የክር ሥራ ነው። ፈረሱ ሲጋልብ ላብ አለ፥ አቧራ አለ፥ መተሻሸት አለ፤ ስለዚህ ለግላስ የሚሆን ስፌት ከቀሚስ ስፌት ይልቅ የጠበቀ መሆን አለበት። ተመልካቹ ስለ ጋላቢው ያጨበጭባል። ግላሱን ስለ ሰፋው ሰው ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይህ የመርሳት ልማድ ለንግሥታት ልብስ እንኳ አልቀረም። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ካለፉ በኋላ፥ የእንግሊዝ ሠራዊት ከአምባው ብዙ ዕቃ ይዞ ሄደ። ከዚያም መካከል የእቴጌ ጥሩ ወርቅ፥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፥ ቀሚስ ነበረ፤ ከጥጥ የተሠራ፥ በሐር ክር የተጠለፈ ነው። እቴጌይቱ በዚያው ዓመት ከሠራዊቱ ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ ታመው ዐረፉ፤ በትግራይም በጨለቆት ተቀበሩ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በዚያም በ18 ዓመቱ ሞተ። ቀሚሱ ግን በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1869 ዓመት ጀምሮ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይገኛል። የባለቤቲቱ ስም ተጽፎአል፤ የወሳጆቹም ታሪክ ተጽፎአል። ያን ሐር በጥጥ ላይ ያስኬደው እጅ የማን እንደ ሆነ የሚናገር ጽሕፈት ግን ከቀሚሱ ጋር አልተጓዘም።

የሠሪው ስም መጥፋቱ በከንቱ አይደለም። በኢትዮጵያ በእጁ የሚሠራ ሰው ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሮአል። ብረት ቀጥቃጩን ጠይብ፥ ቆዳ ለፊውን ፋቂ፥ ሸማ ሠሪውንም ቍጢት በጣሽ እያሉ ይሰድቡት ነበር። ሰዳቢው ራሱ በጠይቡ ማረሻ ያረሰውን እህል በልቶ፥ በሸማኔው ጋቢ ተጠቅልሎ የሚሳደብ መሆኑ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። አንዳንዱንም ባለ ሙያ ቡዳ ነው ብለው ከጎረቤት ይለዩት ነበር፤ ልጁንም ለጋብቻ አይፈልጉትም ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን ስድብ ከአፍ ቢወጣ እንኳ ከልብ ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ዛሬም ቢሆን በትምህርቱ የደከመ ልጅ ሲገኝ፥ እንግዲህ ስፌት ይማር የሚል አባት አይታጣም፤ ስፌት አሳብ ለሌለው ሰው የተተወ ሥራ ይመስል። ቍጥር የማያውቅ፥ ልክ የማያስተውል፥ ትዕግሥት የሌለው ልጅ ጨርቅ ያበላሻል እንጂ ልብስ አይሰፋም።

በሐዋርያት ሥራ የተነገረችውን ጣቢታን ማሰብ በዚህ ስፍራ ይጠቅማል። በኢዮጴ ከተማ የምትኖር፥ ዶርቃም የተባለች ደቀ መዝሙር ነበረች። ስብከት እንዳደረገች አልተጻፈም፤ ባለጠጋ እንደ ነበረችም አልተነገረም። በሞተች ጊዜ ግን መበለቶች ተሰብስበው እያለቀሱ፥ ከእነርሱ ጋር ሳለች የሠራችላቸውን እጀ ጠባብና ልብስ ለጴጥሮስ አሳዩት። ምስክርዋ ያ ልብስ ነበረ። እነዚያ መበለቶች ዋጋ ከፍለው ያሠሩት አይመስልም፤ ነገር ግን ለድኻ የሰፋችው በቸልታ የተሰፋ ቢሆን ኖሮ፥ በእንባ ይዘው ባልቆሙም ነበር።

የመርፌ ሥራ ሌላ ጠላት ደግሞ ከባሕር ማዶ መጣ፤ ጠላት መሆኑና ወዳጅ መሆኑ ግን እንደ አያያዙ ነው። በፈረንሳይ አገር ቲሞኒዬ የሚባል ልብስ ሰፊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1830 ዓመት ለስፌት መኪና ፈቃድ ተቀበለ፤ በፓሪስም 80 ያህል መኪና አቁሞ የወታደር ልብስ ማሰፋት ጀመረ። በ1831 ዓመት የከተማው ልብስ ሰፊዎች እንጀራችን ሊቀር ነው ብለው ተሰብስበው መኪናዎቹን ሰባበሩ። እርሱም በ1857 ዓመት በድኽነት ሞተ። ነገር ግን መኪናው አልሞተም። በአሜሪካ ኤልያስ ሃው በ1846፥ አይዛክ ሲንጀርም በ1851 ዓመት የየራሳቸውን ፈቃድ አገኙ፤ የሲንጀርም ማኅበር ዋጋውን በጥቂት በጥቂቱ የሚከፍሉበትን መንገድ ስለ ከፈተ፥ መኪናው በድኻ ቤት እንኳ ገባ። በኢትዮጵያ ከተሞች በየሱቁ በረንዳ ላይ መርገጫውን እየረገጠ የሚሰፋው ሰው የዚያ ዘመን ልጅ ነው። የፓሪስ ሰፊዎች የፈሩት አልደረሰም፤ ልብስ ሰፊ ከምድር አልጠፋም። ነገር ግን ፍርሃታቸው ከንቱ ነበር ማለትም አይገባም። በእጅ ይሰፋ የነበረው ብዙ ሥራ ከብዙ ሰው እጅ ወጥቶአልና።

ዛሬ ደግሞ የሸማን ጥለት በቀለም ብቻ አስመስሎ በጨርቅ ላይ የሚያትም ፋብሪካ በውጭ አገር አለ። ያ ጨርቅ በመርከብ መጥቶ በገበያ ይሸጣል፤ ከሩቅ ሲያዩት ጥለት ይመስላል፤ ቢገለብጡት ግን በውስጡ የተሸመነ ነገር የለም። ዋጋው ስለሚረክስ ድኻው ይገዛዋል፤ ድኻውንም በዚህ መውቀስ አይቻልም። የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. አካባቢ ከኢጣልያ የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ ሲቆም እንኳ፥ ለብዙ ሰው በአነስተኛ ዋጋ ልብስ ማልበሱ በጎ ነገር ነበረ። ክፋቱ የታተመውን ተሸመነ ብሎ በመሸጥ ላይ ነው። ሸማኔው ከርካሽ ጨርቅ ጋር በዋጋ መወዳደር ባይችል፥ በእውነት ሊወዳደር ይችል ነበር፤ ሐሰት ሲገባ ግን እርሱም ይቀርበታል።

ለዚህ ነገር መድኃኒት የፈለጉ ሰዎች አሉ። በአዲስ አበባ የተወለደችው ሊያ ከበደ በውጭ አገር የልብስ ትርኢት በማሳየት ሥራ ስምዋ ከታወቀ በኋላ፥ ወደ አገርዋ ተመልሳ ሸማኔዎች ገዢ እያጡ ሥራቸውን ሲተዉ አየች። ስለዚህ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓመት ለምለም የተባለውን የልብስ ሥራ አቋቋመች። ለእነዚያ ሸማኔዎች ምጽዋት አልሰጠቻቸውም፤ የሚያውቁትን ሥራ ሰጠቻቸው፤ ጥጣቸውንም ለባሕር ዳርቻ በሚሆን፥ ለልጆችም በሚመች አዲስ አቈራረጥ አስፍታ በሩቅ አገር ሸጠች። ፍቅርተ አዲስ ደግሞ የሥነ ልቡና ትምህርት የተማረች ስትሆን፥ በአዲስ አበባ የፍቅር የተባለውን የልብስ ሥራ ጀምራ የእጅ ሸማን ለዘመኑ ልብስ አዋለች። ለአዊ ልጆች ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ትምህርት ቤት ነው፤ ከዳንግላ እስከዚያ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስፌት በዩኒቨርሲቲ የሚማሩት ነገር መሆኑን፥ ያ ልጁን በስንፍናው ምክንያት ወደ ስፌት የሚልከው አባት ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

ነገር ግን የተዋበ ልብስ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ አካባቢ ሥራቸው የታወቀ ነው፤ ከእነርሱም ጋር፥ ወይም በደላሎች ማታለል፥ ትምህርት ትማራለህ ተብለው ከወላጆቻቸው የተወሰዱ ሕፃናት በጠባብ ቤት ከጧት እስከ ሌሊት ሲሸምኑ ብዙ ጊዜ ተገኝተዋል። የሕፃን ጣት ቀጭን ነው፤ ጥለት ለማስገባት ይመቻል፤ ስለዚህም ክፉ ሰው ይፈልገዋል። ለበዓል የሚገዛው ነጭ ልብስ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ለገዢው ነውር አይደለም። ሻጩ ቢቈጣም ይጠየቅ።

የዋጋ ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በገበያ ቀን ገዢው ቀሚሱን አንሥቶ፥ ጥልፉን በጣቱ ዳስሶ፥ የተጠየቀውን ዋጋ ሲሰማ ግማሹን ይጠራል፤ ይህ የገበያ ልማድ ነው፤ ሠሪዋም ታውቀዋለች። ነገር ግን ለጥጡ የከፈለችው፥ ለፈታዪቱ የሰጠችው፥ ሸማኔው የተቀበለው፥ የሐሩ ክር ዋጋ አስቀድሞ ወጥቶአል፤ ገዢው የሚቀንሰው ገንዘብ ሁሉ ከእነዚህ ከአንዱም አይቀነስም። የሚቀነሰው እርስዋ ከቀትር በፊት ባለው ብርሃን ተቀምጣ ከቈጠረችው ስፌት ነው። አንዳንዲቱ ሠሪ ይህን ስላወቀች ሒሳብዋን በደብተር ትጽፋለች፤ የቀኑን ቍጥር፥ የክሩን ክብደት፥ ለእያንዳንዱ ሰው የሰጠችውን ሁሉ። ገዢው ዋጋውን ሲያጣጥል ደብተሩን ከፍታ ታሳየዋለች። ማንበብ የሚችል ገዢ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፤ ከዚያም ቦርሳውን ይፈታል።