ኤልያስ እንጎቻ በልቶ ነው የሄደው

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንዲት የምታጠባ እናት ቅዳሴ ሳይወጣ ዓይኗ ጨልሞ ስትወድቅ አይቻለሁ። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ለምን ሳትቀምሺ ዋልሽ ቢሏት «እግዜርስ ምን ይለኛል?» አለች።

እስቲ 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን እንይ። ኤልያስ ደክሞት ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር አልገሠጸውም። ተኛ፤ መልአኩም ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ አበላው፣ አጠጣው። (እንቅልፉንም ልብ በሉት፤ እኛ ብንሆን ስንፍና እንለው ነበር።) አርባ ቀን አርባ ሌሊት ወደ ኮሬብ የተጓዘው ከዚያ በኋላ ነው። የሐዋርያት ቀኖናም ጾምን ሲያዝ በሕመም የደከመውን ለይቶ ያወጣዋል።

ስለዚህ እኅቴ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ ከሆንሽ በራስሽ አትፍረጂ፤ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ ጤና ጣቢያ የነገሩሽንም አትደብቂያቸው። የስኳር ወይም የሳንባ መድኃኒት የምትወስድ ወንድሜም የኪኒንህን ሰዓት በገዛ ፈቃድህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትግፋ። ጤነኛው ጎረምሳ ግን «ጨጓራ አለብኝ» እያልክ እዚህ አትሸሸግ፤ ላንተ አልተጻፈም።

እናንተም አማቶች፣ ምራታችሁ ሽሮዋን በጊዜ ብትበላ «ጾም ገደፈች» ብላችሁ ለጎረቤት አታውሩባት። ተልባውን ራሳችሁ በጥብጣችሁ ስጧት።