እማማ የሌለችበት ገና፦ በሐዘን ዓመት በዓልን እንዴት እናሳልፍ?



ገና ሊደርስ ነው። ይህ ጽሑፍ በተለይ አያታቸውን በዚህ ዓመት ላጡና የመጀመሪያውን በዓል ያለ እሳቸው ለሚጠብቁ ነው። ያለፈው ገና እኔ እዚያ ቦታ ላይ ነበርኩ። ነርሲንግ ክፍል ውስጥ ስለ ሐዘን የተማርኩትንና ቤታችን የሆነውን አንድ ላይ አድርጌ ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

አያቴን እማማ ነበር የምንላት። ከደሴ መጥታ ጋርላንድ ከእኛ ጋር አሥራ አራት ዓመት ኖረች። እናቴና አባቴ ፈረቃ እየተቀያየሩ ሲሠሩ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ያሳደገችን እሷ ናት። አማርኛዬም ከእሷ የተማርኩት ስለሆነ ጓደኞቼ «ስታወሪ የሰባ ዓመት ሴት ትመስያለሽ» ይሉኛል።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ አረፈች። አስከሬኗ ወደ አገር ቤት ሲሸኝ እናቴ አብራ ሄደች። እኔ የሰመር ክላስ ነበረብኝ፤ ወንድሜንም የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ቀብሯን በስልክ ቪዲዮ ነው ያየሁት። መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። ወዲያው ሴሚስተሩ ተጀመረ፣ ክሊኒካል መጣ፣ ፈተናው ተከታተለ። ኅዳር 15 ጾሙ ሲገባ ሽሮ የሚሠራልን ሰው እንደሌለ አየሁና፣ እስከዚያ ቀን በደንብ አልቅሼ እንደማላውቅ ገባኝ።

ታኅሣሥ ሲጀምር እናቴ «ዘንድሮ በዓል የለም» አለች። ገና ጥቁር ለብሳለች። ዓመት ሳይሞላ ዶሮ ሠርቶ መብላት እናቷን መርሳት መሰላት። ወንድሜ አሥር ዓመቱ ነው፤ ማታ ክፍሌ መጥቶ «ገናም ቀረ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን እንደምመልስለት አላወቅኩም። እናቴም እውነት ነበራት፣ እሱም እውነት ነበረው።

ክፍል ውስጥ የተማርነው

ስለ ሐዘን ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናውቀው አምስቱን ደረጃዎች ነው፤ መካድ፣ መቆጣት፣ መደራደር፣ ማዘን፣ መቀበል። ይህን ያቀረበችው ሐኪሟ ኤሊዛቤት ኩብለር-ሮስ በ1969 (በፈረንጆቹ) ባሳተመችው መጽሐፍ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን መጽሐፉ የተነሣው ራሳቸው ሊሞቱ ከተቃረቡ ሕመምተኞች ጋር ከተደረገ ንግግር እንጂ ከሐዘንተኞች አለመሆኑን ነው። ደረጃዎቹም እንደ መሰላል አንዱን ጨርሰን ወደ ሌላው የምንወጣባቸው አይደሉም። «እኔ እስካሁን ሁለተኛው ላይ ነኝ» ብላችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ።

እኔን የበለጠ የረዱኝ ሌሎች ሦስት ሐሳቦች ናቸው።

የመጀመሪያው የዊልያም ዎርደን ነው። ሐዘንተኛ አራት ሥራዎች አሉበት ይላል፤ ሞቱ እውነት መሆኑን መቀበል፣ ሕመሙን ሳይሸሹ ማለፍ፣ ያ ሰው በሌለበት ኑሮ መልመድ፣ በመጨረሻም ሟቹን በልብ ይዞ ወደ ፊት መኖር። ቀብሩን በስልክ ያየ ሰው የመጀመሪያው ሥራ ላይ ሊቀር ይችላል። እኔ እዚያ ነበርኩ።

ሁለተኛው ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት በ1999 ያቀረቡት ነው። ጤናማ ሐዘን ወዲያና ወዲህ ይላል ይላሉ፤ አንድ ሰዓት ሟቹን ያስባል፣ ሌላ ሰዓት ኑሮውን ይሠራል። ጠዋት አልቅሶ ከሰዓት በኋላ የሚስቅ ሰው ግብዝ አይደለም።

ሦስተኛው ከሟች ጋር ያለን ትስስር መበጠስ አያስፈልገውም የሚለው ነው። በ1996 ዴኒስ ክላስና ባልደረቦቹ በዚህ ላይ መጽሐፍ አሳትመዋል። ሰው ስሙን እየጠራ፣ ሙያውን እየደገመ፣ በስሙ እየሰጠ ከሞተበት ሰው ጋር ሊኖር ይችላል። አስተማሪያችን ይህን ስታስረዳ «ይሄማ ተዝካር ነው» ብዬ ለጎረቤቴ ሹክ አልኳት።

እኛ ጋ ያለው ቀጠሮ

እውነትም ነው። የእኛን ሥርዓት ልብ ብላችሁ እዩት። ሠልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ከዚያ ሙት ዓመት። መጀመሪያ ላይ ቀናቱ ይቀራረባሉ፣ እየቆዩ ይራራቃሉ። ሆስፒታል ውስጥ ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው የክትትል ቀጠሮ የሚሰጠው ልክ እንደዚህ ነው። ቁስሉ ትኩስ ሳለ ቶሎ ቶሎ ይታያል፣ ሲሽር ይዘገያል። አገር ቤት ደግሞ እድሩ፣ ጎረቤቱና ዘመዱ በእነዚህ ቀናት መካከልም ሐዘንተኛውን ብቻውን አይተዉትም።

እዚህ ግን የሚጎድለው ይህ ነው። ዳላስ ውስጥ ለቅሶ ቤታችን ለሦስት ቀን ሰው ሞልቶት ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። ፈረንጆቹ ገና እስኪደርስ ድረስ ከተማው ሁሉ መብራት በመብራት ነው፤ የእኛ ገና ሲደርስ ደግሞ መብራቱ ወርዷል፣ ዛፉ መንገድ ዳር ተጥሏል፣ ጃንዋሪ 7 እንደማንኛውም የሥራ ቀን ነው። በሰማንያውና በመንፈቁ መካከል በዓል ብቻችንን ሊያገኘን ነበር።

እቴቴ ያሉት

የእማማ ታናሽ እህት አዲስ አበባ ይኖራሉ፤ እቴቴ እንላቸዋለን። ከገና አሥር ቀን በፊት፣ እሑድ ዕለት፣ ለእናቴ ሳልነግር ደወልኩላቸው። የደወልኩት የዶሮ ወጥ አሠራር ልጠይቅ ነበር።

«እናትሽስ? እሷ አታውቅም እንዴ?» አሉኝ።

እውነቱን ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «አገናኚኝ» አሉ። ስልኩን ለእናቴ ሰጥቼ ቆምኩ። ድምፃቸው ከስልኩ ውጭ ይሰማ ነበር።

«ስሚ ልጄ፤ ሐዘን ቤት ድግስ አይደገስም፣ እውነትሽን ነው። ጾም ግን ይፈታል። ልጆቹ ስንት ቀን ጾመው ምን ሊበሉ ነው? አትዝፈኚ፣ አዲስ ልብስ አትልበሺ፤ ዶሮዋን ግን ሥሪ። እሷስ ብትሆን ልጆቿን ሳታበላ ታድር ነበር?»

እናቴ አለቀሰች። ቀጥላም «በርበሬ አለን?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ ይህን ከየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁትም። ድግስ ሌላ ነው፣ ጾም መፍታት ሌላ ነው። አንዱ በሐዘን ይቀራል፣ ሌላው በሐዘንም አይቀርም። ቤታችሁ ውስጥ «ይከበር» እና «አይከበር» የሚል ክርክር ካለ፣ ምናልባት ሁለቱም ወገን ስለተለያየ ነገር እየተናገረ ይሆናል።

የዋዜማው ቀን

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ካቻምና በዋዜማው እማማ ከኩሽና ጠርታኝ ነበር። «ነዪ፣ ብልት ሲወጣ እዪ። ኋላ ማን ሊያሳይሽ ነው?» አለችኝ። «ለሚቀጥለው ዓመት፣ እማማ» አልኳት። ፈተና ኖሮብኝ አልነበረም። ሶፋ ላይ ተኝቼ ስልኬን ነበር የማየው።

ስለዚህ ባለፈው ገና ዋዜማ ቢላዋውን እኔ ያዝኩ። እናቴ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት እያማሰለች ታቁላላለች፣ እቴቴ በቪዲዮ ከጠረጴዛው ላይ ያዩኛል፣ ወንድሜ እንቁላል ይልጣል። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት እንደሚወጣት ሁላችንም እናውቃለን፤ ፈረሰኛው ለአባወራው እንደሚሰጥም እናውቃለን። ጨርሼ ስቆጥር አሥራ አንድ ሆነ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ። እቴቴ «ጀርባው ላይ አንዱን ሸሽገሽዋል» ብለው ከልባቸው ሳቁ። እናቴም ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ሰማኋት። በሎሚና በጨው አጥበን ከቁሌቱ ጨመርነው። የእማማን ያህል አልጣፈጠም፤ በርበሬው በዝቷል።

እማማ በየዓመቱ በዋዜማው ልክ ማታ 12 ሰዓት ለእቴቴ ትደውል ነበር። በዚህ ወቅት አዲስ አበባ ከእኛ በ9 ሰዓት ስለምትቀድም እዚያ ሌሊት 9 ሰዓት ይሆናል፣ እቴቴም ከቅዳሴ የሚመለሱበት ሰዓት ነው። ያን ቀን 12 ሰዓት ሲሆን ሁላችንም የእማማን ስልክ እያየን ዝም አልን። ስልኩ ጠራ፤ እቴቴ ነበሩ። እኔ አነሳሁት። «እንኳን አደረሰሽ» ሲሉኝ መልስ መስጠት አቃተኝና አለቀስኩ፤ አለቀስኩ። እሳቸውም ስልኩን ሳይዘጉ ጠበቁኝ። የቀብሩ ቀን ያልሆነልኝ ያን ጊዜ ሆነ።

ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ጾሙን ከፈታን በኋላ ለእማማ ነፍስ ብለን ሦስት ሳህን አወጣን፤ አንዱን የቡና ጓደኛዋ ለነበሩት ጎረቤታችን፣ ሁለቱን ዘመድ ለሌላቸው የኮሌጃችን ተማሪዎች ወሰድን። እማማ ስለ ላሊበላ ስታወራ «ታኅሣሥ 29 የጌታ ልደት ነው፣ የንጉሡም ልደት ነው» ትል ነበር። በእርግጥም ላሊበላ ላይ ሁለቱ አብረው ይከበራሉ። በዓልና የሞተን ሰው ማሰብ በአንድ ቀን መዋላቸው አዲስ ነገር አይደለም።

ለእናንተ የምመክረው

1. አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ገና ታኅሣሥ 29 (በዘመነ ዮሐንስ 28) ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ምን ይቅር፣ ምን ይደረግ በሉ። ዝም ብሎ ቀኑን መጠበቅ ነው የሚከብደው።

2. አገር ቤት ያለ ትልቅ ሰው ጠይቁ። እናትና አባት ከልጅ የማይቀበሉትን ከታላቅ ይቀበላሉ። ትልልቆቹም ሐዘንተኞች ስለሆኑ መጠየቃቸው ለእነሱም መጽናኛ ነው።

3. ሟቹ ይሠራ የነበረውን ሥራ ቆጥራችሁ ተካፈሉ። ዶሮው፣ ድፎ ዳቦው፣ ቡናው፣ ስልክ መደወሉ የማን ነው? አንድ ሰው ላይ ሁሉንም አትጫኑ። ሕፃናትንም አትርሱ፤ እንቁላል መላጥ ትንሽ ሥራ አይደለም።

4. በስሙ ስጡ። አንድ ሳህን ይበቃል።

5. ቀኑን አስፈቅዱ። የቴክሳስ የትምህርት ሕግ አንቀጽ 51.911 የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ለሃይማኖታዊ በዓል የቀረን ተማሪ እንዲፈቅዱለት፣ ያለፈውንም ፈተና ወይም የቤት ሥራ በተመጣጣኝ ጊዜ እንዲያካክስ እንዲያደርጉ ያዛል። ለመምህራችሁ ቀደም ብላችሁ በኢሜይል ንገሩ። የምትሠሩም ፈረቃችሁን አስቀድማችሁ ቀይሩ።

6. አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ዘንድሮ ኩሽና ግቡ። ስልኩን አስቀምጡት። ወይም ስልኩን ለቪዲዮ ተጠቀሙበት።

ሐዘን ከአቅም በላይ ሲሆን

ማልቀስ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በዓል ሲደርስ መባስ የተለመደ ነው። ግን ሐዘኑ ከዓመት በላይ ቆይቶ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሰውየውን ከኑሮው የሚያግደው ከሆነ ርዳታ ያስፈልገዋል። በ2022 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መመሪያ ይህን የተራዘመ ሐዘን ብሎ እንደ ሕመም መዝግቦታል፤ ለአዋቂ መለኪያው ቢያንስ 12 ወር፣ ለልጅ 6 ወር ነው። የኮሌጃችሁን የምክር አገልግሎት ጠይቁ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀን አትቁጠሩ፤ ወዲያውኑ 988 ላይ ደውሉ ወይም ቴክስት አድርጉ። ለንስሐ አባት መንገርና ለባለሙያ መንገር አይጣሉም፤ ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል።

በቅርቡ የእማማ ሙት ዓመት አለፈ። እናቴ ጥቁሩን አውልቃለች። ዘንድሮም ቢላዋውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ አሥራ ሁለት ካልሞላ እንደገና እደውላለሁ። የገና ዕለት ብቻችሁን የምትሆኑ ካላችሁ ለማኅበሩ ንገሩን፤ ሳህን አለን።

ላዘናችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ለሁላችንም እንኳን አደረሰን።