የቤት እባብ፦ መርዝ የሌለው የአይጥ አዳኝ

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው፣ ገበሬው በጎተራው ሥር እባብ ባየ ጊዜ ዓይነቱን ሳይለይ ዱላ ማንሣቱ የተለመደ ነው። መርዛም እባብ ሰውንም ከብትንም የሚገድል በመሆኑ ይህ ፍርሃት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ይሁን እንጂ በዚህ ዓይነት ከሚገደሉት መካከል መርዝ የሌላቸውና እህል አጥፊ አይጦችን እየበሉ የሚኖሩ እባቦች ይገኛሉ። ከእነዚህም አንዱ በአገራችንና በሌሎች ብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚኖረው የቤት እባብ ነው። በዚህ ጽሑፍ የእባቡን መልክ፣ አኗኗርና ጥቅም፣ እንዲሁም ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ በአጭሩ እንገልጻለን።

1. መልኩ

ጀርባው ቀላ ያለ ቡናማ ሲሆን፣ ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ይጠቁራል። ብርሃን ሲያርፍበት ቅርፊቱ ልዩ ልዩ ኅብረ ቀለም ያንጸባርቃል። ሆዱ ነጣ ያለና እንደ ዛጎል የሚያብረቀርቅ ነው። ዋናው መለያው በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ የሚታዩት ሁለት ሁለት ነጣ ያሉ መስመሮች ናቸው። የላይኛው ከአፍንጫው ተነሥቶ በዓይኑ በኩል ወደ ኋላ ይዘልቃል፤ የታችኛው ከዓይኑ ሥር ወደ አፉ ጥግ ይወርዳል። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 90 ሳ.ሜ. ነው። ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች።

2. አኗኗሩ

ቀን በድንጋይ ካብ፣ በእንጨት ክምርና በአይጥ ጉድጓድ ተደብቆ ይውላል፤ ሲመሽ ለአደን ይወጣል። ዋና ምግቡ አይጥ ሲሆን፣ እንሽላሊትና ትናንሽ ወፎችም ይበላል። ያደነውን በጥርሱ ይዞ፣ በሰውነቱ ተጠምጥሞ ከገደለው በኋላ ሳያኝክ ይውጠዋል። ሴቷ በአንድ ጊዜ 10 ያህል እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሎቹ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይፈለፈላሉ። ግልገሎቹ 20 ሳ.ሜ. ያህል ሲሆኑ፣ ከመጀመሪያው አንሥቶ ምግባቸውን ራሳቸው ያድናሉ።

3. ለገበሬው ያለው ጥቅም

በበቆሎ ማሳና በጎተራ ጉዳት የምታደርሰው ባለ ብዙ ጡት አይጥ በአንድ ጊዜ 10ና ከዚያም በላይ ልትወልድ ትችላለች። የቤት እባብ ድመት በማትደርስበት ጠባብ ጉድጓድ ስለሚገባ የአይጥ ግልገሎችን ገና በጎጆአቸው ሳሉ ይጨርሳቸዋል።

ሆኖም እባቡ አንዴ ከጠገበ ለብዙ ቀናት ሳይበላ ስለሚቆይ፣ ብቻውን አይጥን ከጎተራ አያጠፋም። ስለዚህ፦

ሀ. ጎተራውን ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ መሥራት፣ በእግሮቹም ላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ቆርቆሮ መግጠም፤

ለ. በጎተራው ዙሪያ ያለውን ሣርና ጥራጊ ማጽዳት፤

ሐ. የአይጥ መርዝ ከተጠቀምን የሞቱትን አይጦች በየማለዳው ለቅሞ በጥልቀት መቅበር ያስፈልጋል። የተመረዘ አይጥ የበላ እባብ፣ ድመት ወይም ጉጉት ሊሞት ይችላልና።

4. ጥንቃቄ

«ይህ መርዝ የለውም» ብሎ እባብን በእጅ መያዝ ፈጽሞ አይገባም። ጥቁር ወይም ቡናማ መልክ ያላቸው መርዛም እባቦች ስላሉ፣ በተለይ በጨለማ መሳሳት ቀላል ነው። ከሩቅ በእርግጠኝነት ያልተለየ እባብ ሁሉ እንደ መርዛም ይቆጠር። ልጆችን አርቆ፣ መውጫውን ሳይዘጉ፣ እባቡ እንዲሄድ መተው የተሻለ ነው። ሌሊት ወደ ጎተራ ሲኬድ መብራት መያዝና ጫማ ማድረግ ይገባል።

እባብ የነደፈው ሰው ሲያጋጥም ዓይነቱን በመፈለግ ጊዜ አይጥፋ። ቀለበትና አምባር ይውለቁለት፤ የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ይደገፍ፤ ሰውየውም ሳይራመድ በቃሬዛ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ቦታውን መብጣት፣ መምጠጥ ወይም በገመድ አጥብቆ ማሰር ጉዳቱን ያባብሳል።

የልማት ሠራተኞች ይህንን ትምህርት ሲሰጡ ሁለቱን ነጥቦች ሳይለያዩ እንዲያስረዱ እናሳስባለን፤ ይኸውም የቤት እባብን አለመግደል፣ ማንኛውንም እባብ ደግሞ አለመንካት ነው።