ምዕራፍ ሰባት፦ ወለም ያለ እግር እምነቱን እንዴት እንደሚመልስ

አበው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲሉ የተናገሩት የፈሪውን ሰው ነውር ለመግለጥ ሳይሆን፣ አንድ ጊዜ የተጎዳ ልቡና አደጋውንና የአደጋውን አምሳል ለይቶ እስኪያውቅ ድረስ የሚደርስበትን ጭንቀት ለማስረዳት ይመስለኛል። ልጡ አይናደፍም፤ ነገር ግን እባቡን ያየ ዓይን ይህን ለመመርመር ጊዜ አያገኝም።

አንዲት የማውቃት ወይዘሮ፣ በዘመድ ሰርግ ከአዳራሹ ደረጃ ስትወርድ፣ የጫማዋ ታኮ በምንጣፉ ጠርዝ ተይዞ ቁርጭምጭሚቷ ወደ ውስጥ ታጠፈና ወደቀች። ወለምታው በሁለት ወር ዳነ፤ ፍርሃቱ ግን ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ታኮ ጫማዎቿ ከነካርቶናቸው ከቁም ሣጥኑ ላይ ወጡና በዚያው ቀሩ፤ የሰርግ ጥሪ ሲደርሳትም ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው አዳራሹ ደረጃ እንዳለውና እንደሌለው ሆነ። ወዳጆቿ «የጎደለሽ ድፍረት ብቻ ነው» ባሏት ቁጥር በፍርሃቷ ላይ ኀፍረት እየተጨመረባት ሄደ።

እኅቴ ሆይ፣ አንቺም እንዲህ ያለ ምክር ሰምተሽ እንደ ሆነ፣ ወዳጆችሽ ስለ ፍቅር ቢናገሩም እንደ ተሳሳቱ ዕወቂ። ፍርሃት ሐሰተኛ ምስክር አይደለም፤ እውነቱን በግማሽ የሚናገር ምስክር ነው እንጂ። ስለዚህ የዚህ ምዕራፍ ዓላማ ምስክሩን ከሸንጎ ማባረር ሳይሆን፣ ቃሉን መርምሮ እውነቱን ከስሕተቱ መለየት ነው።

አስቀድመን እውነቱን እንመልከት። በቁርጭምጭሚት መጋጠሚያ ውስጥ የሚገባው አጥንት እንደ ሽብልቅ ከፊቱ ሰፋ፣ ከኋላው ጠበብ ብሎ ተፈጥሯል። እግራችን መሬቱን በሙሉ ሲረግጥ ሰፊው ወገን በግራና በቀኝ ባሉት አጥንቶች መካከል ገጥሞ ይጸናል፤ ታኮ ተረከዙን ከፍ አድርጎ ጣቶቹን ወደ ታች ሲያዘቀዝቃቸው ግን ጠባቡ ወገን በቦታው ይተካና መጋጠሚያው ይላላል፤ የሰውነት ክብደትም ወደ ፊተኛው የእግር መዳፍ ያጋድላል። በዚያን ጊዜ እግሩን ከመታጠፍ የሚጠብቁት ይልቁንም በውጭ በኩል ያሉት ጅማቶች ናቸው፤ በወለምታም ጊዜ አብዛኛውን የሚጎዱት እነዚሁ ናቸው። ታኮ ጫማ በጥንት ዘመን የፋርስ ፈረሰኞች እግራቸውን በእርካብ ላይ ለማጽናት ያደርጉት የነበረ መሆኑን ብናስታውስ፣ እግር በእግረኛ መንገድ ላይ ቢያጉረመርምበት አያስደንቅም።

ሌላም ምሥጢር አለ። ዓይንሽን ጨፍነሽ እንኳ እግርሽ ወዴት እንዳዘነበለ የምታውቂው፣ በጅማቶችና በጡንቻዎች ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ለአንጎል ያለማቋረጥ መልእክት ስለሚልኩ ነው። ጅማት ሲጎዳ ይህ መልእክት ይዳከማል፤ እብጠቱ ጎድሎ ሕመሙ ከጠፋ በኋላም ወዲያው ላይመለስ ይችላል። አንድ ጊዜ ወለም ያለ እግር ደግሞ ደጋግሞ ወለም የሚለው ከብዙ በጥቂቱ በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ፍርሃትሽ «ይህ እግር ገና አልተዘጋጀም» ሲልሽ እውነት ሊሆን ይችላል፤ «ከቶ አይዘጋጅም» ሲልሽ ግን ይስታል።

ስለዚህ ሥራው ከእግር ይጀምራል። አጥንቱን ሲነኩት የሚያም ከሆነ፣ ወይም ከአደጋው በኋላ አራት እርምጃ እንኳ መራመድ ካልተቻለ፣ ወጌሻ ከማሳሸት በፊት ራጅ መነሣት ይገባል፤ የተሰበረ አጥንት ሲታሽና ሲሳብ ጉዳቱ ይብሳልና። ሐኪም ከፈቀደልሽ በኋላ በግድግዳ አጠገብ በባዶ እግርሽ ቁሚና፣ በአንድ እግርሽ ብቻ እስከ 30 ሴኮንድ መቆም ልመጂ፤ ይህ ሲቀልልሽ ግድግዳው ከእጅሽ ሳይርቅ ዓይንሽን ጨፍነሽ ሞክሪው። ደግሞ በጣቶችሽ ላይ ቀስ ብለሽ ከፍ እያልሽ፣ ከመውጣቱ ይልቅ በመውረዱ እየዘገየሽ፣ 10 ወይም 15 ጊዜ ባትሽን አሠሪው። ይህን ለጥቂት ሳምንታት ያዘወተረ እግር የጠፋበትን ዕውቀት ይሰበስባል።

ልቡናን ስለ ማስተማር ደግሞ ሜሪ ኮቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ሊቅ በ1924 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ያሳተመችው ጥናት ትልቅ ብርሃን ይሰጠናል። ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው አንድ ሕፃን ጥንቸል እጅግ ይፈራ ነበር። እርስዋም አልገሠጸችውም፤ የሚወደውን ምግብ ሲበላ በሳጥን ያለችውን ጥንቸል በሩቅ አስቀመጠች፤ ከዚያም ሕፃኑ ሳይታወክ ሊታገሥ በሚችለው መጠን፣ በየጊዜው ጥቂት በጥቂት አቀረበችለት። በመጨረሻ ሕፃኑ ጥንቸሏን በእጁ ዳበሳት።

የእኛም ሊቃውንት ይህን መንገድ ያውቁታል። በግዕዝ «ሰዋስው» ማለት መሰላል ነው፤ የቅኔ ተማሪም ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ በየመዓርጉ ይወጣል እንጂ፣ ስምንት ቤት ባለው መወድስ አይጀምርም። አንቺም የራስሽን መሰላል ሥሪ። በመጀመሪያው ቀን ጫማውን ከካርቶኑ አውጥተሽ ተቀምጠሽ አድርጊው፤ ቀጥሎ ጠረጴዛ ይዘሽ ቁሚ፤ ከዚያ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ባለ ሰፊ ታኮ፣ በቁርጭምጭሚት ላይ በሚታሰር ጫማ፣ በቤት ውስጥ በደልዳላ ወለል ተራመጂ፤ ከዚያም ሩብ ሰዓት ያህል በውጭ፤ ኋላም መደገፊያውን ይዘሽ ደረጃ ውጪና ውረጂ። የአንዱ እርከን ፍርሃት ጋብ ሳይል ወደ ሚቀጥለው አትሂጂ፤ ነገር ግን እግርሽ ሳያምሽ ፍርሃት ብቻ ሲያይል ጫማውን አውልቀሽ አትሽሺ። ከፍርሃት በሸሸን ቁጥር «የዳንሁት ስለ ሸሸሁ ነው» ብሎ ልቡናችን ይማራልና፤ ቁመን ስንጠብቀው ግን እንደ ማዕበል ከፍ ብሎ ተመልሶ ይወርዳል።

የመሰላሉ ጫፍ የት እንደ ሆነ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። አምስት ሴንቲ ሜትር የሚበቃት ሴት ወደ ዐሥሩ ልትወጣ አትገደድም። ታኮ ዘወትር የሚያደርጉ ሴቶች የባታቸው ጡንቻ እያጠረ እንደሚሄድ ታውቋልና፣ ለበዓልና ለክብር ቀን ማስቀመጡ መልካም ነው። ኮብልስቶን በተነጠፈበት መንገድ ዝቅተኛ ጫማ አድርጎ፣ ታኮውን በቦርሳ ይዞ መሄድም ማስተዋል እንጂ ሽንፈት አይደለም።

ያች ወይዘሮ ይህን መሰላል ለመውጣት አራት ወር ፈጀባት። የእኅቷ ልጅ በተክሊል ባገባች ዕለት፣ በአምስት ሴንቲ ሜትር ታኮ ከመኪናው ወርዳ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በእርጋታ ተራመደች፤ ከደጁም ስትደርስ እንደ ሥርዓቱ ጫማዋን አወለቀች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእግሯ ያራቀችው በፍርሃት ነበር፤ በዚያች ዕለት ያወለቀችው ግን በአክብሮት ነው። ቅዳሴው ሲፈጸምም ጎንበስ ብላ ጫማዋን አደረገችና ደረጃውን ወረደች።