ኦሜጋ ሦስት፦ ከዓሣው፣ ከተልባው ወይስ ከእንክብሉ?

ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዘመድ ለአረጋውያን ወላጆች ይዞላቸው ከሚመጣው ስጦታ አንዱ ወርቅማ ቀለም ባላቸው ለስላሳ እንክብሎች የተሞላ ጠርሙስ ነው። በላዩ ላይ «የዓሣ ዘይት፣ 1000 ሚሊግራም» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። በአንዳንዶቻችን ቤትም ይኸው ጠርሙስ ከደም ግፊት መድኃኒት ጎን ተቀምጦ እናየዋለን፤ የሚያሳዝነው ግን አንዳንድ ጊዜ በመድኃኒቱ ፈንታ መቀመጡ ነው። ለመሆኑ በእንክብሉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ምንስ ይሠራል?

ፋቲ አሲድ በአንድ ጫፉ የካርቦክሲል፣ በሌላው ጫፉ የሜታይል ቡድን ያለው የካርቦን ሰንሰለት ነው። ኦሜጋ የግሪክ ፊደላት መጨረሻ እንደ መሆኑ መጠን የሰንሰለቱን መጨረሻ፣ ማለትም የሜታይሉን ጫፍ ያመለክታል። ከዚህ ጫፍ ተነሥተን ስንቆጥር የመጀመሪያውን ድርብ ቦንድ በሦስተኛው ካርቦን ላይ ካገኘነው ኦሜጋ ሦስት፣ በስድስተኛው ላይ ካገኘነው ኦሜጋ ስድስት እንለዋለን። የሰው አካል በእነዚህ ሥፍራዎች ላይ ድርብ ቦንድ የሚፈጥሩ ኢንዛይሞች ስለሌሉት ሁለቱንም ከምግብ ማግኘት ግድ ይሆንበታል። አንዳንድ ቅባቶች እንዲህ ከምግብ መገኘት ያለባቸው መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1929 ጆርጅ እና ሚልድረድ በር የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ቅባት የተነፈጉ አይጦች ቆዳቸው እየተቀረፈ እድገታቸው ሲገታ ካሳዩ በኋላ ነው።

ከኦሜጋ ሦስት ቤተሰብ ሦስቱን ማወቅ ይበቃናል። በተልባ ውስጥ በብዛት የሚገኘው አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ 18 ካርቦንና 3 ድርብ ቦንድ አለው። በዓሣ ውስጥ ከሚገኙት መካከል ኢፒኤ 20 ካርቦንና 5 ድርብ ቦንድ፣ ዲኤችኤ ደግሞ 22 ካርቦንና 6 ድርብ ቦንድ አላቸው። ዲኤችኤ በአንጎልና በዓይን ሬቲና ውስጥ በብዛት ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በቀዝቃዛ ባሕር የሚኖር ዓሣ በእነዚህ ቅባቶች የሚበለጽገው ስለ ምንድን ነው? በደጋ አገር ጠዋት ጠዋት የሚረጋውን ቅቤ እናስብ። አብዛኛው የቅቤ ፋቲ አሲድ ድርብ ቦንድ የሌለው ቀጥ ያለ ሰንሰለት ስለሆነ ሞለኪውሎቹ እንደ ተደረደረ ፍልጥ ይጠጋጋሉ፤ ስለዚህም ይጠጥራል። ድርብ ቦንድ ግን ሰንሰለቱን ያጎብጠዋል፤ የጎበጠም በደንብ አይደረደርም። ስድስት ቦታ የታጠፈው ዲኤችኤ በብርድም ጊዜ የሕዋሱን ሽፋን ልስልስ አድርጎ ያቆየዋል። ዓሣው ግን ይህን ቅባት በአብዛኛው ራሱ አይሠራውም። ሠሪዎቹ በዓይን የማይታዩ የውኃ አልጌዎች ናቸው፤ እነርሱን ትናንሽ እንስሳት ይበላሉ፣ እነዚያን ደግሞ ዓሣው።

የዓሣ ዘይት ዝና የተነሣው ባንግ እና ዳይርበርግ የተባሉ የዴንማርክ ሐኪሞች በ1970ዎቹ ዓመታት በግሪንላንድ ነዋሪዎች ደም ላይ ካደረጉት ጥናት ነው። ከዚያ ወዲህ የተካሄዱት ታላላቅ ሙከራዎች ውጤት ግን ተደበላልቋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በኢጣሊያ የልብ ድካም አጋጥሟቸው ከተረፉ ከ11 ሺህ በላይ ሕሙማን መካከል በቀን አንድ ግራም የወሰዱት ተጠቅመዋል። በ2018 ውጤቱ የታወቀውና በአሜሪካ 25,871 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ግን እንክብሉ በጠቅላላው ሰው ላይ ዋና ዋና የልብና የደም ሥር ሕመሞችን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። በዚያው ዓመት ከፍተኛ ትራይግሊሰራይድ ላለባቸው ሕሙማን በቀን 4 ግራም የተጣራ ኢፒኤ ሲሰጥ ጥቅም ቢታይም፣ ለማነጻጸሪያ የዋለው የማዕድን ዘይት ራሱ ጎጂ ሳይሆን አይቀርም የሚል ክርክር አስነሥቷል። ከፍተኛ መጠን መውሰድ የልብ ምት መዛባትን እንደሚያበዛም ታይቷል። እንግዲህ ይህ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ እንጂ ከሱቅ ገዝቶ የሚሞከር አይደለም።

ወደ ጠርሙሱ እንመለስ። 1000 ሚሊግራም የተባለው የዘይቱ መጠን ነው። በተለመደው እንክብል ውስጥ ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120 ሚሊግራም ገደማ፣ በድምሩ 300 ብቻ ይገኛል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለጤናማ አዋቂ በቀን 250 ሚሊግራም ይበቃል ይላል። በየሱቁ የምናገኘው የሳርዲን ቆርቆሮ ደግሞ በ100 ግራም ውስጥ አንድ ግራም ያህል ይይዛል፤ ይህም ከሦስት እንክብል በላይ ነው፤ ያውም ከፕሮቲንና ከካልሲየም ጋር። የእኛ ሐይቆች ቆሮሶ ቅባቱ አነስተኛ ስለሆነ በዚህ ረገድ ከሳርዲን ጋር አይወዳደርም፤ ሆኖም ጥሩ ምግብ ነው። (በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ እንተወዋለን።)

ዓሣ የማያገኝ ወይም የማይበላ ሰውስ? ከተልባ ዘይት ግማሽ ያህሉ ወይም የሚበልጠው አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ነው። አካላችን ከዚህ ውስጥ ጥቂቱን ብቻ ወደ ኢፒኤ፣ ከዚያም እጅግ ያነሰውን ወደ ዲኤችኤ ይለውጣል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉትን ኢንዛይሞች ኦሜጋ ስድስትም ይሻማቸዋል፤ ከኑግ ዘይት ከግማሽ በላዩ ደግሞ ኦሜጋ ስድስት ነው። ስለዚህ ተልባ ዓሣን ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ ነገር ግን አስፈላጊ የሆነውን አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ በርካሽ ይሰጠናል። ሳይፈጭ የተዋጠ ተልባ ብዙውን ጊዜ እንዳለ ይወጣል፤ እናቶቻችን ወቅጠው መበጥበጣቸው ትክክል ነበር። የተወቀጠው ተልባ ግን ብዙ ሊቆይ አይገባም። የቦንዶቹ ብዛት ከኦክስጅን ጋር በቀላሉ እንዲዋሐድ ያደርገዋልና፣ ለጥቂት ቀን የሚበቃውን ብቻ ወቅጦ፣ ከድኖ፣ በቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል። እንክብሉም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም፤ አንዱን ሰንጥቀን ብናሸተውና የተበላሸ ዘይት ሽታ ቢሰጠን ጠርሙሱ በሙቀት ወይም በዕድሜ ተጎድቷል ማለት ነው።