ሞተር ቢስክሌት አልነሣም ሲል ስለ ቤንዚን ምርመራ

በሐብሩ ወረዳ ከመርሳ ወደ ቀበሌዎች የሚወጣው የእርሻ ባለሙያ፣ መንገዱ ጠጠርና ዳገት ስለ ሆነ፣ በሞተር ቢስክሌት ይሄዳል። ሞተሩ ማለዳ አልነሣም ሲል የሚጐዳው ገበሬው ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ በሰሜን ወሎ በደረሰው ማሽላ ላይ በወረደ ጊዜ የአንድ ቀን መዘግየት ቀላል ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ሹማምንት ሞተሩ ወደ ወልድያ ለጥገና ከመላኩ በፊት ቤንዚኑ እንዲመረመር ማዘዝ ይገባቸዋል። በጀሪካን ተገዝቶ ብዙ ወራት በቈላ ሙቀት የቈየ ቤንዚን ቀላሉ ክፍል ይተናል፤ እሳት ቶሎ የሚይዘውም ይኸው ክፍል ነው። ቀሪው በካርቡራቶር ውስጥ እንደ ሙጫ ረግቶ ጠባቡን ቀዳዳ ይደፍናል። ሙጫው ካልተጠረገ አዲስ ቤንዚን ቢጨመርም አይረባም።

መመርመሪያው ወጪ የለውም። ከእሳት ርቆ ጥቂቱን በንጹሕ ብርጭቆ ቀድቶ ማኖር ነው፤ ውሃ ካለበት ከሥር ይዘቅጣል። ደግሞ አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ቢጣል ጥሩው ቤንዚን ፈጥኖ ይደርቃል፤ ናፍታ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ግን የቅባት ምልክት ይተዋል። ሻጩ ቢምልም ወረቀቱን ማመን ይሻላል። ካንዴላው ተፈትቶ ደረቅ ቢገኝ ቤንዚኑ አልደረሰም፤ ርሶና ጠቍሮ ቢገኝ በዝቶበታል። ወልድያ ከመርሳ ከፍ ያለች፣ አየሯም የሳሳ ስለ ሆነ፣ ይህ ሁለተኛው ዳገቱን በወጡ ሞተሮች ላይ ይታያል።

ሞተሩ ከወር በላይ የሚቆም ከሆነ ቤንዚኑ ከካርቡራቶሩ እንዲፈስስ፣ ጀሪካኑም ተከድኖ በጥላ እንዲቀመጥ፣ የተገዛበትም ቀን እንዲጻፍበት ይደረግ።